ዘይቱን ከውኃው በፊት ያዙት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ተዘጋ ፍሳሽ የተጻፉ ናቸው። ከበዓል በኋላ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። የሙያ ዘመኔን ያሳለፍሁት በፍሳሽ መስመር ሥራ ላይ በመሆኑ አዘጋጆቹ ደብዳቤዎቹን ለእኔ አስተላልፈዋል። አምስቱን መርጬ በዚህ ዕትም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከመታጠቢያ ቤቴ ወለል ቆሻሻ ውኃ ይገነፍላል። ዘንድሮ ብሶበት ሳሎን ድረስ ገባ፤ ላዩ ላይ ነጭ ስብ ይንሳፈፋል። ፎቅ ያሉትን ስጠይቅ ሁሉም «እኛ አይደለንም» ይላሉ። የቧንቧ ሠራተኛው «ኮስቲክ ሶዳ ይጨምሩበት» ብሎኝ ጨመርሁ፤ ጥቂት ሳምንት ደህና ሆነና ተመልሶ መጣ። ምን ይሻለኛል?
*እናት፣ ከጀሞ*

መልስ፦ እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ የገባው ውኃ ከእርስዎ ኩሽና የመጣ አይደለም። ከላይ ያሉት ጎረቤቶችዎ ሁሉ የሚያፈስሱት ውኃ በአንድ ቋሚ ቱቦ ወርዶ ምድር ላይ ካለው አግድም ቱቦ ይገናኛል። አግድሙ ሲዘጋ የሚወርደው ውኃ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ዝቅተኛ ቀዳዳ ደግሞ የእርስዎ መታጠቢያ ቤት ወለል ነው። ሌላው ሰው ያፈሰሰውን እርስዎ የሚጠርጉት ለዚህ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቅባቱን የለቀቀው ሰው ጉዳቱን አያየውም።

ከበዓል በኋላ የአንድ ብሎክ ማንሆል ሲከፈት ምን እንደሚታይ ልንገርዎ። በግድግዳው ዙሪያ፣ ውኃው በሚደርስበት ልክ፣ ግራጫማ ነጭ ቅርፊት ተለጥፏል። በአካፋ ሲፋቅ በቁራጭ በቁራጭ ይወድቃል። ቁራጩን ሰብረው ቢያዩት የበግ ሞራ፣ የረጋ ዘይት፣ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ሊጥ፣ ፀጉርና የሕፃናት እርጥብ መጥረጊያ አንድ ላይ ተጣብቀው ያገኙታል። መጥረጊያው ክር ስለሆነ አይሟሟም፤ ቅባቱ እሱን ይዞ ይጠነክራል። አንዳንዱ ሰው የጨጓራውን ፈርስ ሽንት ቤት ደፍቶ ውኃ ይለቅበታል። ፈርስ ሣር ነው፤ ከሞራ ጋር ሲገናኝ ቱቦውን ጥርቅም አድርጎ ይደፍነዋል።

ጎረቤቶችዎ «እኛ አይደለንም» ሲሉ ብዙዎቹ እየዋሹ አይመስለኝም። በአንድ ብሎክ 20 አባወራ ቢኖርና እያንዳንዱ በሳምንት አንድ የቡና ሲኒ ቅባት ብቻ ቢያፈስስ፣ ሲኒውን 70 ሚሊ ሊትር ብንለው በሳምንት 1.4 ሊትር፣ በዓመት ከ70 ሊትር በላይ ይሆናል። አንዱም ቤት ብዙ አላፈሰሰም፤ ቱቦው ግን ይዘጋል። ስለዚህ ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ ብሎኩን በሙሉ መሰብሰብ ይሻላል።

ኮስቲክ ሶዳውን ተዉት፣ እናቴ። ኮስቲክ ሶዳ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሙቀት ያወጣል፤ ከስቡ ጥቂቱን ያቀልጥና ጠባብ መንገድ ይከፍታል። የተሻለ የመሰለዎት ለዚህ ነው። የቀለጠው ግን ትንሽ ሄዶ ሲበርድ መልሶ ይረጋል። ሙቀቱ የፕላስቲክ ቱቦውንም ያለሰልሰዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው፣ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ቱቦ ላይ ሌላ ሰው መጥቶ አሲድ ከጨመረ ፈልቶ ፊት ላይ ሊረጭ መቻሉ ነው። አሲድና በረኪና ከተቀላቀሉ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተዘጋች ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የሚያደርጉት ይህ ነው። ሲገነፍል ኮሚቴውን ይጥሩና ከብሎኩ ፊት ያለው ማንሆል ይከፈት። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ መዘጋቱ ከዚያ ወዲያ፣ ወደ መንገዱ በኩል ነው፤ ለውኃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያመልክት። ማንሆሉ ባዶ ሆኖ የእርስዎ ወለል ከገነፈለ መዘጋቱ በብሎኩና በማንሆሉ መካከል ስለሆነ ግፊት ባለው ውኃ ማስጠረግ የነዋሪው ድርሻ ነው። ለዘለቄታው ግን ኮሚቴውን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የምድር ቤቶቹ ፍሳሽ ከቋሚው ቱቦ ተለይቶ በራሱ ቱቦ በቀጥታ ወደ ማንሆሉ ይግባ። ብዙ ወጪ የለውም፤ የብሎኩ አግድም ቱቦ ሲዘጋ ከላይ የሚወርደው ውኃ ወደ እርስዎ መመለሱ ይቀራል። መዘጋቱ ከማንሆሉ ወዲያ ከሆነ ግን በአዲሱም ቱቦ ሊመለስ ስለሚችል መስመሩ ላይ ውኃን ወደፊት ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይጨመርበት።

አንድ ነገር አደራ። ማንም ሰው፣ ጎበዝም ቢሆን፣ ገንዘብም ቢከፈለው፣ ማንሆል ውስጥ እንዳይገባ። እዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ ዕንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ነው የሚወድቀው። ሊያወጣው የሚገባው ሁለተኛው ሰውም ተከትሎት ይወድቃል። የጋዝ መለኪያ፣ የአየር ማስገቢያና የደኅንነት ገመድ ሳይኖር መግባት መሞት ነው።

ጥያቄ፦ ቦሌ አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። በፍስክ ክትፎና ጥብስ፣ በጾም በያይነቱ እንሠራለን። ሲንኩ ሥር ከብረት የተበየደ የቅባት ማስቀሪያ ሳጥን አስገጥሜያለሁ፤ 80 ሊትር ያህል ይይዛል። ሠራተኞቼ በየማታው የፈላ ውኃ በላርጎ ይለቁበታል። ሆኖም ሳጥኑ ይሸታል፣ ቱቦውም ይዘጋል። ገንዘቤን በከንቱ አወጣሁ?
*የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከቦሌ*

መልስ፦ በከንቱ አላወጡም፤ ግን ሳጥኑን እንዳይሠራ አድርጋችሁታል። ግሪስ ትራፕ የምንለው ይህ ሳጥን የሚሠራው ውኃው ሲረጋጋና ሲበርድ ነው። ውኃው ገብቶ ሲዘገይ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ የምግብ ፍርፋሪው ይዘቅጣል፣ በመካከል ያለው ንጹሕ ውኃ አፉ ወደ ታች በጠለቀ መውጫ ቱቦ ይወጣል። የፈላ ውኃና ላርጎ ሲለቀቅበት የረጋው ቅባት እንደገና ይቀልጣል፣ ላርጎው ከውኃው ጋር ያዋሕደዋል፣ ተያይዘውም ከሳጥኑ ይወጣሉ። ጥቂት ሜትር ሄዶ ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲገባ እዚያ ይረጋል። ሠራተኞችዎ በየማታው ሳጥኑን ያጸዱ እየመሰላቸው ቅባቱን ወደ ቱቦው ሲያሻግሩት ነበር። ከነገ ጀምሮ ይቁም።

ቀጥሎ መጠኑ ነው። ሲንክዎን አልነገሩኝም፤ ሦስት ጎድጓዳ ያለው፣ እያንዳንዱ 60 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ነው እንበል። አንዱ 90 ሊትር፣ ሦስቱ 270 ይሆናሉ። ዕቃ ስለሚገባባቸው ሦስት አራተኛውን ብንወስድ ወደ 200 ሊትር ውኃ ነው። ይህ በሁለት ደቂቃ ከወረደ በደቂቃ 100 ሊትር ማለት ነው። 80 ሊትር የሚይዘው ሳጥን ውስጥ ውኃው አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ከደጅ የሚቀበሩ ትላልቅ ማስቀሪያዎች የሚሠሩት ውኃው ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲቆይ ታስቦ ነው፤ ለእርስዎ ይህ ወደ 3,000 ሊትር ይመጣል። ግቢ ካለዎት በኮንክሪት ያሠሩት፤ በመካከሉ ግድግዳ ይኑረው፣ ሰው የሚያነሣው ክዳን ይኑረው፣ መጣጭ መኪና የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ግቢ ከሌለዎት ለዚያ ፍሰት የተሠራ፣ መግቢያው ላይ የውኃ ፍጥነት መቀነሻ ያለው ሳጥን ይግዙ። የሽንት ቤት ቱቦ በምንም መንገድ እንዳይገናኘው።

መቼ ይጸዳ? እንጨት ይዘው ይለኩ። ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት ውፍረትና ከታች የዘቀጠው አንድ ላይ ተደምረው ከውኃው ጥልቀት ሩቡን ከያዙ ጊዜው ደርሷል። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ የሚገባው ቅባት ሁሉ ያልፋል። ትንሽ ሳጥን በሥራ በሚበዛበት ቤት በየሳምንቱ መጽዳት ይኖርበታል። ሽታው የመጣውም ከታች የዘቀጠው ምግብ ስለበሰበሰ ነው፤ ከሲንኩ ቀዳዳ ላይ ወንፊት ያድርጉና ፍርፋሪው ከመጀመሪያው አይግባ። ከሁሉም በፊት ድስቱና መጥበሻው ውኃ ሳይነካው በወረቀት ይጠረግ። ይህ ልማድ ያለው ኩሽና ከሌላው ግማሽ ሥራ ያቀላል።

ብዙ ሰው «የጾም ዘይት ፈሳሽ ስለሆነ አይረጋም» ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የምንጠቀመው የፓልም ዘይት ሲበርድ መርጋት ይጀምራል፤ ኅዳር ላይ ጀሪካኑ ውስጥ እንኳ ሲጠጥር አይታችሁታል። የሱፍ ዘይትም ቢሆን አያመልጥም። ቱቦ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዘይቱን ወደ ቅባት አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ደግሞ ከውኃውና ከኮንክሪቱ ከሚመጣ ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ በውኃ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ አሳይተዋል። በዚያው 10 ዓመት ውስጥ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን ዋይትቻፕል ሥር 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን የቅባት ክምር ተገኝቶ ሠራተኞች በግፊት ውኃና በአካፋ ቆራርጠው ለማውጣት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ሳጥኑ ያስቀረውን ቅባት የት ይጣል ለሚለው ፈቃድ ያለው መጣጭ መኪና ይጥሩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። እባክዎ ሠራተኛ በባልዲ ወስዶ ከመንገድ ዳር ቦይ እንዳይደፋው። የዝናብ ቦይ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ ወደ ቀበናና ወደ ባንቲቀጡ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ አቃቂ ይሄዳል፣ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ነው። በመንገዱ ላይ ሰላጣና ቆስጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ፤ ያ አትክልት ተመልሶ የእርስዎ ኩሽና ይገባል። ሕጉም ግልጽ ነው፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል።

በመስመሩ የሄደውም ቢሆን ጉዳት አለው። ቃሊቲ ያለው ትልቁ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲቀበል የተሠራ ነው። ቆሻሻውን መጀመሪያ የሚበሉት አየር በሌለበት ገንዳ ግርጌ በደቃቅ እንክብል መልክ ተሰብስበው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቅባት ሲመጣባቸው እንክብሎቹን ይለብሳቸዋል፣ ያቀላቸዋል፣ ወደ ላይ ተንሳፍፈው ከውኃው ጋር ይወጣሉ። እነሱን መልሶ ለማርባት ወራት ይጠይቃል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ማጣሪያ ሥራው የሚስተጓጎለው ከየኩሽናችን በሚወጣ ዘይት ሲሆን ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ ነው የተባለ፣ ቅባት «የሚበላ» ዱቄት ገበያ ላይ አለ። ይሠራል?
*የሆቴል ጥገና ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ለቅባት ማስቀሪያ ሳጥን አልመክርህም። ባክቴሪያ ቅባት ለመብላት ጊዜ ይፈልጋል፤ በሳጥንህ ውስጥ ውኃው የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ኢንዛይም ብቻ ከሆነ ደግሞ ቅባቱን ሰባብሮ ከሳጥኑ ያሳልፈዋል፣ ቱቦው ውስጥ መልሶ ይረጋል። የውኃ መሥሪያ ቤቶች በብዙ ከተሞች ይህን የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ለዱቄቱ የምታወጣውን ለማስመጠጫ አውለው። ከባሕር ዳር ስትጽፍልኝ ደግሞ ጣና ከአጠገብህ መሆኑን አስበው፤ የሆቴላችሁ ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ቱቦውን ተከትለህ እስከ መጨረሻው እይ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍተናል። ተቆጣጣሪው የቅባት ማስቀሪያውን የማስመጠጫ መዝገብ አምጡ አለን። እኛ እንደ አሜሪካኖቹ ድንችና ዶሮ በዘይት ነክረን አንጠብስም፤ ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምንድን ነው?
*ባልና ሚስት፣ ከቨርጂኒያ*

መልስ፦ ወንድሜና እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ተቆጣጣሪውን ግን አልፈርድበትም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት ከተመዘገቡት የፍሳሽ መስመር መዘጋቶች 47 በመቶው የመጡት ከቅባት ነው። የፌደራሉም ደንብ መስመር የሚዘጋ ጠጣር ወይም ዝልግልግ ነገር ወደ ሕዝብ ፍሳሽ መልቀቅን ይከለክላል። ከተሞቹ መዝገብ የሚጠይቁት ይህን ለማስከበር ነው።

ኩሽናችሁን ደግሞ እንደገና እዩት። የዶሮ ወጥ ድስት ሲታጠብ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት፣ የክትፎ ሳህን ላይ የቀረ ንጥር ቅቤ፣ የቅቤ ማንጠሪያው አሠር፣ የጥብስ ብረት ምጣድ፤ ይህ ሁሉ ቅባት ነው። ንጥር ቅቤ ደግሞ ክፍሉ በቀዘቀዘ ጊዜ ጠጣር ነው። በጋራ ትሪ የሚበላ ሕዝብ ስለሆንን ትሪው ሲመለስ እንጀራው ያልመጠጠው ወጥ አለበት፤ እሱን ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ፍቃችሁ ከዚያ እጠቡ።

ያስመጠጣችሁበትን ወረቀት በቀኑ ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ያዙ፤ መኪናው ስንት ጋሎን እንደወሰደና የት እንደጣለው የተጻፈበት መሆኑን አረጋግጡ። የተጠበሰበት ዘይት ካለ ከሳጥኑ ቅባት ጋር አትቀላቅሉት። የመጀመሪያው ቢጫ ቅባት ይባላል፤ ባዮዲዝል የሚያመርቱ ይገዙታል። የሳጥኑ ቡናማ ቅባት ግን ውኃና ቆሻሻ ስለያዘ ለማስወገጃው ትከፍላላችሁ። የቢጫውን በርሜል ቆልፉት፤ የተጠቀሙበት ዘይት ስርቆት እዚያ አገር የታወቀ ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ነው የምኖረው። ከጓደኞቼ ጋር ከፓስቲና ከሳምቡሳ ቤቶች የተቃጠለ ዘይት ሰብስበን ሳሙና መሥራት እንፈልጋለን። ያዋጣል? አደጋስ አለው?
*ሥራ ፈላጊ ወጣት*

መልስ፦ ልጄ፣ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። የምትሰበስቡት እያንዳንዱ ጀሪካን ከቱቦ የዳነ ነው። ስለ ትርፉ የአካባቢያችሁን የኮስቲክ ሶዳ ዋጋ ሳላውቅ አልናገርም፤ ስለ አሠራሩ ግን ልንገራችሁ።

የምትቀበሉት ከመጥበሻ የወጣ ዘይት ብቻ ይሁን። ከቅባት ማስቀሪያ ሳጥን የወጣ ማንም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ውስጡ የበሰበሰ ምግብና ጀርም አለ። ዘይቱን በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ፣ ውኃ ካለበት አሙቃችሁ አስቀምጡና ከላይ ያለውን ቅዱ። ለ1 ኪሎ የፓልም ዘይት የሚያስፈልገው ኮስቲክ ሶዳ ወደ 140 ግራም ነው፤ ለሱፍ ዘይት ትንሽ ያንሳል። በግምት አትሥሩ፣ ሚዛን ግዙ፤ ሶዳው ከበዛ ሳሙናው ቆዳ ያቃጥላል። ሶዳውን ወደ ውኃ ጨምሩ፣ ውኃውን ወደ ሶዳ በጭራሽ አትጨምሩ፤ ይፈነዳል። የአሉሚኒየም ዕቃ አትጠቀሙ፣ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚቃጠል ጋዝም ያወጣል። መነጽርና የጎማ ጓንት ሳታደርጉ አትጀምሩ፤ ሥራው ከደጅ ይሁን፣ ሕፃናት አይቅረቡ።

ከተቆረጠ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ከተቃጠለ ዘይት የተሠራውን ለልብስና ለወለል ሽጡት፤ ለፊትና ለገላ አትሽጡት። ዘይት የሚሰጧችሁን ቤቶች ደግሞ አንድ ነገር አድርጉላቸው፦ ጀሪካኑን ክዳን ያለው አድርጋችሁ እናንተ ራሳችሁ አምጡላቸው፣ በቋሚ ቀንም ውሰዱላቸው። ቀኑን ካዛባችሁ ዘይቱ ተመልሶ ሲንክ ውስጥ ይገባል።